በጆሮም ይሠራ የነበረ መኪና፦ ስለ ጽሕፈት መኪና ድምፅ

የዛሬው ርእሳችን የጽሕፈት መኪና ድምፅ ነው። ስለዚህ መኪና ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ማን እንደ ፈለሰፈው፣ የትኛው ኩባንያ እንደ ሸጠው፣ ቢሮን እንዴት እንደ ለወጠው ነው። ድምፁ የሚወሳው በጨዋታ መሐል ነው፤ ያለፈ ዘመን ለማስታወስ ያህል ቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ ደወሉ ይጮኻል፣ ሰሚው ፈገግ ይላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔ የምከራከርበት ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ድምፁ ከሥራው የተረፈ ጫጫታ አልነበረም፤ ከሥራው ክፍሎች አንዱ ነበር። ታይፒስቷ ዓይኗን በምትገለብጠው ረቂቅ ላይ ተክላ፣ መኪናውን የምትከታተለው በጣቷና በጆሮዋ ነበር። ይህ እውነት ከሆነ፣ ብረቱን አጽድተን በመስታወት ሣጥን ስናስቀምጥ መኪናውን አስቀመጥን ማለት አንችልም፤ ሠራተኛዋ ታዳምጠው የነበረው ነገር ጠፍቷልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። የጽሕፈት መኪና ታሪክ ከማየት ችግር ጋር ገና ከጅምሩ የተሳሰረ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መባቻ ጣሊያናዊው ፔሌግሪኖ ቱሪ ካሮሊና ፋንቶኒ ለተባለች ዓይነ ስውር እመቤት የመጻፊያ መኪና ሠርቶላታል። መኪናው ዛሬ በእጅ የለም፤ እርሷ የጻፈችባቸው ደብዳቤዎች ግን ተርፈዋል። ዴንማርካዊው ቄስ ራስሙስ ማሊንግ ሃንሰን፣ በኮፐንሃገን መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምር ተቋም ይመሩ በነበረበት ጊዜ፣ ቁልፎቹ በግማሽ ሉል ላይ የተተከሉበትን የመጻፊያ ኳስ በ1870 አስመዘገቡ። በ1882 ዓይኑ ክፉኛ የደከመው ፈላስፋ ፍሪድሪክ ኒቼ ከእነዚህ መኪናዎች አንዱን ገዝቶ ጽፎበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በጦር ሜዳ ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን ለማቋቋም በ1915 ለንደን ውስጥ የተከፈተው ሴንት ደንስታንስ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ በጽሕፈት መኪና መጻፍ ነበር። እነዚህ ወታደሮች የጻፉትን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ሙያውን ግን ተምረው እንጀራ በልተውበታል። ሥራው በዓይን ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር።

ለገበያ በብዛት የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ መኪናዎችም ለሚያየው ሰው እንኳ ዕውር ነበሩ። ክሪስቶፈር ሾልስና ባልደረቦቹ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ሠርተው በ1868 የፈጠራ መብት ያገኙበትን መኪና፣ የጦር መሣሪያና የልብስ ስፌት መኪና አምራች የነበረው የሬሚንግተን ፋብሪካ ተረክቦ ከ1874 ጀምሮ ሸጠው። በዚህ መኪና ውስጥ ፊደል የተሸከሙት ክንዶች ከሥር ወደ ላይ ተወርውረው ወረቀቱ የሚጠመጠምበትን ሮለር ሆድ ይመቱ ነበርና፣ ጸሐፊው የጻፈውን ለማየት ወይ ወረቀቱ ጥቂት መስመሮች እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ወይ ሮለሩን ከፍ አድርጎ ያያል። ሥራው እንዲቀጥል ካስፈለገ መኪናው የሚሠራውን በሌላ መንገድ መናገር ነበረበት። በ1900 ገደማ የአንደርውድ መኪና፣ በፍራንዝ ዋግነር ንድፍ፣ ፊደሉ ከፊት ለፊት እንዲመታና ጽሑፉ ወዲያው እንዲታይ አድርጎ ዓለምን ከማረከ በኋላ ጆሮ ሥራ ፈታ ብሎ የሚያስብ ይኖራል። አልፈታም። በ1888 ሲንሲናቲ ውስጥ በተደረገው ዝነኛ የመምታት ፍጥነት ውድድር የቁልፎቹን ቦታ በቃሉ ያጠናው ፍራንክ ማክገሪን ተፎካካሪውን ካሸነፈ ወዲህ፣ ቁልፍ ሳያዩ መምታት የሙያው ሕግ ወደ መሆን ሄደ። ጥሩ ታይፒስት ቁልፉንም አታይም፣ ወረቀቱንም አታይም፤ የምታየው ከጎኗ ያለውን ረቂቅ ነው። ዓይን ሁለት ቦታ መሆን ስለማይችል መስመሩ ማለቁን የሚነግራት ደወል ነበር። ደወሉ የሚመታው መስመሩ ሲያልቅ ሳይሆን ሊያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ፊደል ሲቀረው ነው። ታይፒስቷ ያንን ሰምታ የጀመረችው ቃል ይገባ ወይም አይገባ እንደሆነ ትወስናለች፤ እጇም ሳያቋርጥ ይመታል። ይህ ውሳኔ በአንድ ገጽ ውስጥ በየመስመሩ ይደጋገማል።

ደወሉ ግን ከድምፆቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። እውነተኛው ብልጽግና ያለው በአንድ ምት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጣት ቁልፉን ሲጫን ከቁልፉ ጋር የተያያዘው ዘንግ የፊደሉን ክንድ ከማረፊያው ያስነሣዋል። ክንዱ ግማሽ መንገድ ሲሄድ ቀለም የተነከረው ሪባን ከፍ ብሎ በፊደሉና በወረቀቱ መካከል ይቆማል። ክንዱ ወረቀቱ ጋ ሊደርስ ሲል ለሁሉም ክንዶች የጋራ የሆነ አንድ ቀጭን ብረት ይገፋል፤ ይህ ብረት ጥርስ ያለውን መንኮራኩር ይለቀዋል፤ መንኮራኩሩ አንዲት ጥርስ ብቻ ይዞርና እንደገና ይያዛል። ወረቀቱን የተሸከመውን የላይኛውን ክፍል፣ እዚህ ጋሪ የምለውን፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚስበው የተጠቀለለ ሞላ አለ፤ መንኮራኩሩ አንድ ጥርስ በለቀቀ ቁጥር ጋሪው አንድ የፊደል ስፋት ይራመዳል። በተለመደው ሰፋ ያለ ፊደል በአንድ ኢንች 10፣ በጠባቡ ደግሞ 12 እርምጃ አለ። በመጨረሻም ፊደሉ ሪባኑንና ወረቀቱን ከጎማው ሮለር ጋር ያጋጫል፣ ክንዱም ወደ ማረፊያው ይመለሳል። እንግዲህ ሩቅ ያለ ሰው አንድ ‘ቀጭ’ ብሎ የሚሰማው ድምፅ ቢያንስ የአራት ድምፆች ጥምር ነው፦ የቁልፉ መውረድ፣ የጥርሱ መለቀቅና መያዝ፣ ፊደሉ ሮለሩን መምታቱ፣ የክንዱ ተመልሶ ማረፍ። በደቂቃ 60 ቃል የምትመታ ታይፒስት፣ አንድ ቃል በሙያው ልማድ እንደ 5 ምት ሲቆጠር፣ በሰከንድ 5 ምት ትመታለች፤ እነዚህ አራት ድምፆችም በሰከንድ አምስት ጊዜ በቅደም ተከተል ያልፋሉ።

ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ጆሮ ያውቃል። የጥርሱ ድምፅ ከጎደለ ጋሪው አልተራመደም፣ ቀጣዩ ፊደል ባለፈው ላይ ይደረባል ማለት ነው። ጥርሱ በአንድ ምት ሁለቴ ከተሰማ በቃሉ መካከል ባዶ ቦታ ተፈጥሯል። ሁለት ክንዶች መንገድ ላይ ተገናኝተው ሲጣበቁ የሮለሩ ምት ይቀርና የታፈነ የብረት ግጭት ብቻ ይሰማል። ሙያተኛዋ ጉዳቱን ወረቀቱ ላይ ከማየቷ በፊት እጇን ታቆማለች፤ ይህም ከላጲስና ከእንደገና መጻፍ ያድናታል። ድምፁ ስለ ወረቀቱም ይናገራል። አንድ ወረቀት ብቻ ሲገባ ምቱ ደረቅና ስል ነው፤ በመካከል ካርቦን እየተደረገ አራት አምስት ቅጂ ሲደራረብ ምቱ ይደነቁራል፤ ያን ጊዜ ታይፒስቷ መጨረሻ ላይ ያለው ቅጂ እንዲነበብ ጠንክራ መምታት እንዳለባት ታውቃለች። ስቴንስል፣ ማለትም ለማባዣ የሚዘጋጀው ሰም የተቀባ ወረቀት፣ ሲጻፍ ደግሞ ሪባኑ ከሥራ ይወጣና ፊደሉ ሰሙን በቀጥታ ይወጋል፤ የምቱ ባሕርይ እንደገና ይለወጣል። የትምህርት ቤት ፈተና በስቴንስል ተመትቶ በማባዣ ይታተም በነበረበት ዘመን የሠሩ ሰዎች ይህን ልዩነት አብረው ኖረውታል። ሮለሩም ያረጃል። ጎማ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ይደርቃል፤ በደረቀ ሮለር ላይ ምቱ እንደ ጥይት ይጮኻል፣ ክብ ፊደላት ወረቀቱን ይበሱታል። ለዚህ መፍትሔው ከሚጻፍበት ወረቀት ጀርባ ሌላ ወረቀት መጨመር ነበር። ሁሉም ይህን የሚያደርገው ወረቀቱን ለማዳን ብቻ አልነበረም፤ ጆሮም ስለሚያርፍ ነው።

የየመኪናው ድምፅ ለምን እንደሚለያይም ከዚሁ ይገባናል። ከባድ የብረት አካል ያላቸው የቢሮ መኪናዎች ወፍራምና አጭር ድምፅ አላቸው። በ1935 በስዊዘርላንድ የወጣችው ሄርሜስ ቤቢ፣ ወይም ማርቼሎ ኒዞሊ ነድፏት ኦሊቬቲ በ1950 ያወጣት ሌቴራ 22፣ በእጅ የሚያዙ ቀላል መኪናዎች በመሆናቸው ስስ አካላቸው አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፃቸው ቀጭንና ሹል ነው። የተቀመጡበት ጠረጴዛም ይናገራል፤ ባዶ መሳቢያ ያለው የእንጨት ጠረጴዛ ድምፁን ያጎላል፣ ከሥር የተነጠፈ ወፍራም ጨርቅ ያፍነዋል። በ1961 አይቢኤም ያወጣው ሴሌክትሪክ ከሁሉም ተለየ። የፊደል ክንድ የለውም፤ 88 ፊደላትና ምልክቶች የተቀረጹባት አንዲት ኳስ ተሽከርክራና ጎንበስ ብላ ትመታለች፤ የሚጓዘውም ጋሪው ሳይሆን ኳሷ ራሷ ናት። በዚህ መኪና ሥር የሞተር ድምፅ ሁልጊዜ አለ፤ ታይፒስቷ ባትመታም መኪናው ዝም አይልም። በሰው ጡንቻ የሚሠራውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና በጆሮ የሚለዩት በዚህ ነው፦ በመጀመሪያው ውስጥ ዝምታ የሰው ማሰብ ነው፤ በሁለተኛው ዝምታ የሚመጣው ማብሪያው ሲጠፋ ብቻ ነው።

የሙዚቃ ሰዎች የመኪናውን ድምፅ ትርጉም ቀድመው ሰምተውታል። ኤሪክ ሳቲ በ1917 ፓሪስ ላይ ለቀረበው ‘ፓራድ’ ለተባለው ባሌት በጻፈው ሙዚቃ ውስጥ ከሳይረንና ከሽጉጥ ጋር የጽሕፈት መኪናን አስገብቷል። እዚያ መኪናው የዘመኑ ጩኸት ምልክት ነው። ከእርሱ ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አሜሪካዊው ለሮይ አንደርሰን በ1950 የደረሰው ‘ዘ ታይፕራይተር’ የተሰኘው አጭር የኦርኬስትራ ሥራ ነው። አንደርሰን ከመኪናው ሦስት ድምፅ መረጠ፦ ምቱን፣ ደወሉንና የጋሪውን መመለስ። ሁልጊዜም ደወል ይቀድማል፣ መመለስ ይከተላል፣ ከዚያ ምቱ እንደገና ይጀምራል። አድማጩ የሚደሰተው ይህን ሥርዓት ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው፤ ደወሉን ሲሰማ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ትርጉም የሌለው ጫጫታ እንዲህ ያለ መጠበቅን አይፈጥርም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልለፍ፤ የመጀመሪያው ጠንካራ ነው። ቢሮዎች ድምፁን ይጠሉት ነበር። በ1920ዎቹ የኮልጌት ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዶናልድ ሌርድ ታይፒስቶችን በጫጫታና በጸጥታ ውስጥ እያሠራ መርምሮ፣ በጫጫታ ውስጥ ያሉት ለዚያው ሥራ የበለጠ ኃይል እንደሚያወጡ ዘግቧል። ከዚያም አስቀድሞ ዌሊንግተን ኪደር በነደፈው መኪና፣ ፊደሉ ተወርውሮ በመምታት ፈንታ ወረቀቱን ተጠግቶ እንዲጫን ተደርጎ ነበር፤ ኮነቲከት ግዛት ውስጥ የነበረው አምራቹ ኩባንያም ድምፅ አልባ በሚል ስም ሸጦት በ1924 ከሬሚንግተን ጋር ተቀላቀለ። ድምፁ ጠቃሚ ከነበረ ሰዎች ለማጥፋት ይህን ያህል ለምን ደከሙ? መልሴ፣ የራስ መኪና ድምፅና የአዳራሽ ድምፅ ሁለት ነገሮች ናቸው የሚል ነው። ሠላሳ መኪና በሚመታበት አዳራሽ ውስጥ ታይፒስቷን የሚያደክማት የሌሎቹ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ያ ጫጫታ የሚጎዳትም የራሷን መኪና እንዳትሰማ ስለሚያደርጋት ጭምር ነው። የሌርድ ምርመራ የሚያረጋግጠው የአዳራሹን ጉዳት ነው፤ የራሷ መኪና ድምፅ አይጠቅማትም የሚል ነገር አይወጣውም። ድምፅ አልባ የተባለው መኪናም ለአሥርት ዓመታት ተሠርቶ ተሽጧል፣ ወዳጆችም ነበሩት፤ ነገር ግን የሚመቱትን መኪናዎች ከገበያ አላስወጣም። ድምፅ አልባ ይባል እንጂ ደወሉን አላወለቁለትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብዳል፤ ስሙም ሔለን ኬለር ነው። በሕፃንነቷ ማየትም መስማትም ያጣችው ይህች ጸሐፊ በጽሕፈት መኪና ትጽፍ ነበር፤ በ1903 በታተመው የሕይወት ታሪኳ ሐሞንድ በተባለው መኪና እንደምትጠቀም ራሷ ገልጻለች። ጆሮ ሳይኖር እንዲህ መጻፍ ከተቻለ፣ ድምፁ የሥራው አካል ነበር ማለት እንዴት ይቻላል? ይህ ተቃውሞ ክርክሬን ያስተካክለዋል እንጂ አያፈርሰውም። ድምፅ ማለት መንቀጥቀጥ ነው፤ በአየር በኩል ጆሮ ጋ የሚደርሰው መንቀጥቀጥ በብረቱ በኩል ደግሞ ጣት ጋ ይደርሳል። የጥርሱ መለቀቅ፣ የፊደሉ መመታት፣ የክንዱ መመለስ በቁልፉ ላይ ባረፈ ጣት ይታወቃሉ። መኪናው ይናገር የነበረው በሁለት መንገድ ነው፣ መልእክቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል፣ መኪናው ስለ ራሱ ሥራ ያለማቋረጥ ይናገር ነበር፣ አብዛኛው ሰውም ይህን በጆሮና በጣት አንድ ላይ ይቀበለው ነበር የሚለው ነው። በዚህ አባባል መስማት የተሳነው ታይፒስትም በደንብ ቦታ አለው።

ድምፁ መልእክት እንደሚሸከም የሚመሰክር ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ማስረጃም አለ። በ2004 የአይቢኤም ተመራማሪዎች የኮምፒውተር ቁልፎች ሲመቱ የሚያወጡት ድምፅ በየቁልፉ እንደሚለያይ አሳይተዋል። በማግሥቱ ዓመት የበርክሌይ ተመራማሪዎች የ10 ደቂቃ ቅጂ ብቻ ወስደው ከተመቱት ፊደላት እስከ 96 በመቶ የሚሆኑትን በድምፅ መልሰው አገኙ። እነዚያ የፕላስቲክ ቁልፎች ለዓይን አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያዩት በተተከሉበት ቦታ ነው። በጽሕፈት መኪና ውስጥ ግን እያንዳንዱ ክንድ ከሌላው የተለየ ጠመዝማዛ አለው፤ የመሐሉ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ የዳርቻው በጎን ይመጣል፤ ነጥብ የተሸከመው ክንድና ሰፊ ፊደል የተሸከመው ወረቀቱን የሚመቱበት ስፋት ይለያያል። ስለዚህ ልዩነቱ በኮምፒውተሩ ካለው የሚበልጥበት ምክንያት አለ። በምቱ የሚመታው ሰውም ይለያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላትን ሬዲዮ ያዳምጡ የነበሩ ሰዎች የሞርስ መልእክት የሚልከውን ሰው በእጁ አመታት ይለዩት ነበር፤ መልእክቱን ሳይፈቱ ላኪውን ያውቃሉ። የታይፕ መምታት ትምህርት ቤቶችም ይህን የእጅ ምት ለማስተካከል ተማሪዎችን በሸክላ ሙዚቃ ያለማምዱ ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቢመታ ኖሮ ማለማመዱ አያስፈልግም ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ላቲን ፊደል መኪና ነው። የአማርኛው መኪና ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እኔም ከሁሉ በላይ የምጨነቅለት ይኸው ነው። የአማርኛ ፊደል 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል። አንድ ተራ የጽሕፈት መኪና ግን ከ40 በጥቂቱ የሚበልጡ ቁልፎች ብቻ ነው ያሉት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ሁለት ቢይዝ ከ90 አካባቢ አይዘልም። ኢንጂነር አያና ብሩ ስማቸው የሚነሣበት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሥራ፣ ከዚያም በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀው ኦሊቬቲ፣ ሊጋፈጡት የነበረ ችግር ይህ ነው። መፍትሔው ፊደሉን መክፈል ነበር፤ የፊደሉ አካል በአንድ ምት፣ እግሩ ወይም ቅጥያው በሌላ ምት ይመጣል፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱ ምቶች አንድ ቦታ እንዲያርፉ ደግሞ ከሁለቱ በአንዱ ጋሪው መራመድ የለበትም። ስለዚህ በዚያ ምት የጥርሱ ድምፅ የለም።

ይህ ለጆሮ ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። በላቲኑ መኪና ብዙውን ጊዜ አንድ ፊደል አንድ ምት፣ አንድ ምትም አንድ እርምጃ ነው፤ የምቱ ቁጥርና የእርምጃው ቁጥር እኩል ይሄዳሉ። በአማርኛው መኪና ምቶች ከእርምጃዎች ይበዛሉ። በአንድ ምት የሚመጣ ፊደል ሲመታ ምትና እርምጃ አብረው ይሰማሉ፤ ቅጥያ ያለው ፊደል ሲመጣ ግን አንድ እርምጃ የሌለው ምት ይሰማና ሌላው እርምጃ ይዞ ይከተላል። በፊደል ብዛት እኩል የሆኑ ሁለት ቃላት በጆሮ እኩል አይሆኑም፤ ስንት ቅጥያ እንደያዙ ዜማቸው ይለያያል። በፍርድ ቤቶች ደጃፍ ማመልከቻ ይጽፍ የነበረ ሰው ሲመታ ይሰማ የነበረው ደረብ ነጠል የሚል ምት የእጁ ልማድ ብቻ አልነበረም፤ ከፊደላችን ቅርጽ የመጣ ነበር። የተጻፉት ገጾች በየመዝገብ ቤቱ አሉ፤ ከእነርሱ እንዴት ያለ ቅርጽ እንደወጣ እናያለን፣ ቅርጹም ከቁም ጸሐፊ እጅ ያነሰ መሆኑ ብዙ ተወቅሷል። በምን ያህል ምት፣ በምን ዓይነት ፍጥነትና ጥረት እንደተሠራ ግን ገጹ አይናገርም። ያንን የሚናገረው የመኪናው ድምፅ በሠለጠነ እጅ ሲመታ ነው። የአማርኛን ጽሕፈት ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን ቢያጣ አንድ ሙሉ የመረጃ ዓይነት አጥቷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ዛሬ ዛሬ የሚነሣው ነው፦ ድምፁን የሚፈልግ በስልኩና በኮምፒውተሩ ያገኘዋል። እውነት ነው፤ የፊልም ተዋናዩ ቶም ሃንክስ እንኳ በ2014 ስክሪን ሲነካ የጽሕፈት መኪና ድምፅ የሚያሰማ መተግበሪያ አውጥቷል፤ ብዙ ሰውም ወዶታል። ሰዎች ሲጽፉ መልስ የሚሰጣቸው ነገር እንደሚፈልጉ ስለሚያሳይ ይህን አልነቅፍም። ግን የእኔን ጥያቄ አይመልስም። በመተግበሪያው ውስጥ ድምፁ ቢጠፋ ጽሑፉ ይቀጥላል፤ ፊደሉም ድምፁም ከአንድ ትእዛዝ የወጡ ሁለት ነገሮች ናቸው። በመኪናው ውስጥ ድምፁ ቢጠፋ አንድ ነገር ተሰብሯል። ከዚህም ሌላ፣ በመተግበሪያ የሚሰማው ድምፅ የተመረጠ ነው፤ የተጣበቀ ክንድ፣ የደረቀ ሮለር፣ የአምስተኛ ቅጂ የደነቆረ ምት፣ እርምጃ የሌለው የአማርኛ ቅጥያ የለበትም። ሥራውን የሚያስረዱን ደግሞ በትክክል እነዚያ የተተዉት ናቸው።

በመጨረሻ፣ ቤተ መዛግብት ብራና የሚያድንበት ገንዘብ ሳይኖረው ስለ መኪና ድምፅ መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚል አለ። ስለ ብራናው የሚባለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ምርጫ ከመጣ ብራናው ይቅደም። እዚህ ግን ምርጫ አልመጣም። ካናዳዊው የሙዚቃ ሰው ሙሪ ሼፈርና ባልደረቦቹ በቫንኩቨር የአካባቢ ድምፆችን ቀርጾ ማኖርን እንደ ጥናት ከጀመሩ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ በጀርመን ደግሞ ‘ኮንሰርቭ ዘ ሳውንድ’ የተባለው ስብስብ የጽሕፈት መኪናን ጨምሮ ከአገልግሎት የወጡ ዕቃዎችን ድምፅ እየቀረጸ ያኖራል። ለዚህ የሚያስፈልገው መቅጃ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና አንድ ቀን ነው። ውድ የሆነው ጊዜው ነው። የሕንዱ ጎድሬጅ መኪናዎቹን መሥራት ያቆመው በ2009 ነው፤ ከእንግዲህ አዲስ ክፍል እየመጣ አሮጌውን አያድስም። ጎማው በየመጋዘኑ እየደረቀ ነው፣ የደረቀ ጎማም የሚሰጠን የመኪናውን የሥራ ዘመን ድምፅ ሳይሆን የእርጅናውን ድምፅ ነው። ከጎማው የባሰው ደግሞ እጅ ነው። በአማርኛ መኪና ሳያዩ ይመቱ የነበሩ ታይፒስቶች ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ልምድ የሌለው ሰው በአንድ ጣት እየፈለገ ቢመታ መኪናው ይጮኻል፤ የሚሰማው ድምፅ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማ የነበረው አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በቤቱም ሆነ በመሥሪያ ቤቱ ያለ ሰው አይጣለው፣ ለቁራጭ ብረትም አይሽጠው። የሠሪውን ስም፣ ሞዴሉንና የመለያ ቁጥሩን ይጻፍ። በዚህ መኪና የሠራች እናት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ያለችው ሰው መኪናው ፊት ያስቀምጣትና ይቅረጽ፦ መጀመሪያ እያንዳንዱን ቁልፍ ለየብቻ፣ ከዚያ ከሀ እስከ ፐ ሰባቱንም ቤት፣ ከዚያ በሥራዋ ጊዜ ትጽፈው በነበረው ዓይነት አንድ ሙሉ ደብዳቤ፣ በአንድ ወረቀትና በካርቦን፣ ደወሉንና የጋሪውን መመለስ ጨምሮ። ምን እየሰማች ምን ታስተካክል እንደነበር በቃሏ ትናገር፤ ይህም አብሮ ይቀረጽ። ጠረጴዛው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሮለሩ ምን ያህል እንደጠነከረ ይመዝገብ። ቅጂውንም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ተቀብለው ከመኪናዎቹና በእነርሱ ከተጻፉት ሰነዶች ጋር አንድ ላይ እንዲያስቀምጡ እጠይቃለሁ። ታይፒስቶቹ በሕይወት ሳሉ ሥራው ይጀመር።